የአስተርጓሚው ክንፉ ደብዳቤና አምስት ቀን በቶሮንቶ

የውል ሰነዶች ሲጀምሩ በስፍራው የተገኙትን ሰዎች በየማዕረጋቸው ይዘረዝራሉ። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ሳነብ ዕድሜዬን ስለ ፈጀሁ እኔም በዚያው ሥርዐት እጀምራለሁ። በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የሦስት ማኅበራት ሦስት ሊቃነ መናብርት፤ የእነርሱው ሦስት ጸሐፊዎች፤ የቀድሞ ተማሪዬና አስተናጋጄ ተሾመ፤ ባለቤቱ ሮማን፤ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ፅጌ፤ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ የሆነ፣ አማርኛ የማያውቅ አንድ ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ፤ በወንበሩ ብዛት ስገምት ደግሞ ስልሳ ያህል ሕዝብ። ተናጋሪው እኔ ነበርሁ።

የሄድሁበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። አንባቢን እስከ መጨረሻው ማንጠልጠል የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሥራ ነው።

ከታላቁ ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ስለ አገራችን ሲፎካከሩ ቆይተው፣ ፉክክሩ ወደ ጠብ እንዳያደርሳቸው አንድ ውል አዘጋጁ። ውሉ ኢትዮጵያ ባለችበት እንድትቆይ ያላቸውን መልካም ፈቃድ በመግለጽ ይጀምርና፣ ባለችበት ያልቆየች እንደሆነ ለማን ምን እንደሚደርስ ወደ መዘርዘር ያልፋል። ያላማከሩት ባለቤቱን ብቻ ነው። ረቂቁ ለቤተ መንግሥት የተገለጠው ሦስቱ ከተስማሙ በኋላ፣ በክረምት ነው።

በዚያ ዘመን ሌጋሲዮን በሚባለው የአንዱ መንግሥት መልእክተኛ ቤት ክንፉ የሚባል አስተርጓሚ ነበር። ነገሩን በሥራው ምክንያት ደርሶበት ለቤተ መንግሥት በምሥጢር ጽፏል። ደብዳቤውን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የተጻፈውም በጥቅምት ነው። ሌሎቹ ሰነዶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ነበሩ የእርሱንም ወደዚያው መለስሁት፤ በዓመተ ምሕረቱም ላይ ስምንት ደመርሁ። በዚህ ስሌት ክንፉ የጻፈው ረቂቁ ከተገለጠ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ሆነ። እኔም በአንድ መጽሔት ላይ «ምሥጢሩን ታቅፎ ተቀምጦ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ታማኝ ለመምሰል የጻፈ ሰው» አልሁት። አንባቢ እንደሚያውቀው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ የሚደመረው ሰባት ነው። በሰባት ሲሰላ ክንፉ የጻፈው ከክረምቱ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ነው። ሰውየው በጊዜው አስጠንቅቋል።

ይህን የነገረኝ የክንፉ ልጅ ነው። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር። ጽሑፌን አንብቦ፣ ስድብ ሳይጨምር፣ በአንድ ገጽ «መምህር ሆይ፣ ወሩን እንደገና ይመልከቱልኝ» ሲል ጻፈልኝ። ተመለከትሁ። ትክክል ነበር። መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ገጽ እንኳ አላሳተምሁም። ባልደረቦቼ ዝምታዬን በዘመኑ ፖለቲካ አሳበቡት፤ ይህንንም አላረምሁም።

ሃያ አራት ዓመት አለፈ። ባለፈው ዓመት ተሾመ ከቶሮንቶ ጽፎ ስለዚያው የሦስቱ መንግሥታት ውል ንግግር እንዳደርግ ጋበዘኝ። ከግብዣው ጋር የአዘጋጆቹ ስም ተያይዞ ነበር። ከመካከላቸው ወይዘሮ ፅጌ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ የአባቷን ስም አውቀዋለሁ፤ የአያቷም ስም ክንፉ ነበር። ግብዣውን ተቀብዬ፣ የአባቷን ደብዳቤ በደረት ኪሴ ይዤ ተነሣሁ። ወይ በፊቷ እናገራለሁ፣ ወይ ደብዳቤውን ይዤ እመለሳለሁ፤ ሦስተኛ አማራጭ አልነበረኝም።

ማክሰኞ። ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። የጉዞዬን ምክንያት ለማንም ስላልተናገርሁ የሸኘኝ አልነበረም፤ የምሄድ መሆኔን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሮ ሻንጣዬ ለማላውቃቸው ሰዎች በሚደርስ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ተሞላ። ሸሚዞቼን በእጅ ቦርሳ ያዝሁ።

ውሉ የተፈረመው ለንደን ነው። እኔም በለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ስድስት ሰዓት ቆይቻለሁ። ቪዛ ስለሌለኝ ከመስታወቱ ማዶ ማለፍ እንደማልችል በትሕትና ተነገረኝ፤ በአንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ዳቦ በላሁ። ከተማዪቱን አላየኋትም። ውሉን የፈረሙት ሰዎችም ኢትዮጵያን ሳያዩ እንደ ፈረሙ እገምታለሁ፤ ስለዚህ አንማረርም።

ቶሮንቶ እንደ ደረስሁ የመጀመሪያው ችግር ዕድሜዬ ሆነ። የተወለድሁት በኅዳር ነው። ፓስፖርቴን የሞላው ጸሐፊ በልደት ዓመቴ ላይ ስምንት ደምሮ በአንድ ዓመት አሳንሶኛል። ሲጽፍ አይቼዋለሁ፤ ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ስለ ነበረ ዝም አልሁ። አሁን የኢሚግሬሽን ሹሙ ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ ሳላስብ እውነተኛውን ተናገርሁ።

«ስልሳ ዘጠኝ።»

ፓስፖርቱን አየ፤ በጣቱ ቆጠረ። «ስልሳ ስምንት ነው የሚለው።»

«ጸሐፊው ተሳስቶ ነው።»

«መቼ አወቁ?»

«በዚያኑ ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስሸሸው የመጣሁ ሰው፣ ገና ከተማዪቱን ሳልረግጥ፣ ከአንድ ወጣት ሹም አፍ ሰማሁት። ሹሙ ሽማግሌ መሆኔን አይቶ አዘነልኝና ማኅተሙን መታልኝ።

ተሾመ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ሳለ የታሪክ ፈተና ጥዬዋለሁ፤ ከአሥር ዓመት በላይ በዚህ አገር ኖሮ አሁን ቶርንክሊፍ ፓርክ ውስጥ የአንድ ረጅም ሕንጻ ኀላፊ ነው። ተከራዮቹ «ሱፐር» ይሉታል።

«ጋሼ! ኮት የለዎትም? በዚህ ብርድ በሸሚዝ? እንዴ፣ ሰው ይስቅብናል!»

«ሹራብ ይዣለሁ።»

«ሹራብማ እዚህ ካልሲ ማለት ነው።»

ከመኪናው ኋላ አንድ ጥቁር ካፖርት አወጣ። ቤት የለቀቀ ተከራይ ጥሎት የሄደ ነው። እጅጌው የጣቶቼን ጫፍ አልፎ ይሄዳል። እራት ላይ ሮማን ሽሮ አቀረበችልን፤ እንጀራው ከሱቅ የተገዛ፣ በላስቲክ የታሸገ ነው፤ ከእኛው የሚለየው ዓይኑ አንድ ዐይነት በመሆኑ ብቻ ነው። በአገራችን እያንዳንዱ እንጀራ የጋጋሪዋን ፀባይ ያሳያል፤ ይህኛው ፀባይ የለውም፤ ቅሬታም የለበትም።

ረቡዕ። ሮማን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጣች። ቁርሴን እንዴት እንደማዘጋጅ በወረቀት ጽፋ ምድጃው ላይ ለጥፋልኛለች። ዳቦ መጥበሻውን በሚመለከተው ዐንቀጽ ላይ ግን «ቁጥር ሁለት» የሚለውን እኔ በደንብ አይጠብስም ብዬ ስድስት አደረግሁት። ጢሱ ጣራ ላይ ወዳለው ነገር ደረሰ፤ ነገሩም ጮኸ፤ ቀጥሎ ሕንጻው በሙሉ ጮኸ።

በደረጃ ወረድን። ዐሥራ አምስት ፎቅ ነው። የሕንድ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን የታቀፉ የሶማሌ እናቶች፣ ፀጉሯ ላይ ፎጣ የጠመጠመች አንዲት ሴት፣ ሁላችንም አስፋልት ዳር በብርዱ ቆምን። የእሳት አደጋ መኪና ሦስት መጣ። ተሾመ ቁልፎቹን እያንቀጫቀጨ ካንዱ ወደ ሌላው ሲሮጥ ነገሩ የእኔ መሆኑን በካፖርቴ ላይ በነበረው የዳቦ ፍርፋሪ ዐወቀ። አንድ ተከራይ መጥቶ ጮኸበት።

«ኖ፣ ኖ፣ ልምምድ ነው» አለው በእንግሊዝኛ። «በዓመት አንዴ ግዴታ አለብን።»

«ማስታወቂያ አልለጠፋችሁም!»

«ከለጠፍነው ልምምድ አይሆንማ።»

ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ በለሆሳስ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አያውቁም» አለኝ። ይህ ለእኔ ቀላል ነበር። ሕዝቡ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ሲመለስ እኔ ምንም የማያውቅ ሰው ሆኜ አብሬ ተመለስሁ። አንዲት የሶማሌ እናት ካፖርቴ ሳይቆለፍ ስላየች ሁለቱን ቁልፎች ቆለፈችልኝ። ያን ያህል ያፈርሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ሐሙስ። ሮማን ሥራ ስላልነበራት ቤት ዋለች። ሻይ እያቀረበች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሦስቱም ይመጣሉ። በስልክ ተከፋፍለውዎታል።»

«ማነው የተካፈለኝ?»

«ማኅበራቱ። ድሮ አንድ ነበሩ፤ በምርጫ ተጣልተው ሦስት ሆኑ። እንግዳ ሲመጣ ይጋጫሉ። አሁን ጠብ እንዳይነሣ ተስማምተዋል። እኔ አልነገርኩዎትም፣ እሺ?»

ማስጠንቀቂያው በጊዜው ደርሶኛል። ምንም አላደረግሁበትም፤ ቤተ መንግሥትም ምንም እንዳላደረገ ሰነዶቹ ይመሰክራሉ።

በአራት ሰዓት ሦስቱ ሊቃነ መናብርት መጡ። ሦስቱም ደጎች ናቸው፤ ሦስቱም ፍራፍሬ ይዘው መጥተዋል፤ ሦስቱም ሙዝ ነው። ከመካከላቸው አቶ መላኩ የሚባሉት፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ያለው ማኅበር ሊቀ መንበር፣ በኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት አውጥተው ቆመው አነበቡ።

«የእንግዳችንን ሙሉ ነጻነት እያከበርን፤ አንደኛ፣ ቁርስ በጄን ኤንድ ፊንች፣ ምሳ በቶርንክሊፍ፣ እራት በፓርክዴል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ማኅበር ከሌሎቹ ሳያማክር እንግዳውን ለብቻው ፎቶግራፍ አያነሣም። ሦስተኛ፣ እንግዳው ቢታመሙ፣ የታመሙበት ሰፈር ማኅበር ይመለከተዋል።»

ወረቀቱን ተቀብዬ መረመርሁ። ሦስት ፊርማ አለው።

«እኔ የምፈርምበት ቦታ አላየሁም» አልሁ።

«እርስዎማ እንግዳ ነዎት!» አሉ አቶ መላኩ ከልብ ተገርመው። «ምን አደከመዎት!»

ስለዚያ ውል ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ፈራሚዎቹ ክፉዎች እንዳልነበሩ ያመንሁት ግን በዚህች ቅጽበት ነው። በዚያ ቀን ሁለት ቁርስ፣ አንድ ምሳና አንድ እራት በላሁ። ሁለተኛው ቁርስ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም፤ የፓርክዴል ሊቀ መንበር በመኪናቸው ሲወስዱኝ መንገድ ላይ በድብቅ ያበሉኝ ነው።

ዐርብ። ተሾመ በካፖርቴ እጅጌ ተማረረ።

«ነገ መድረክ ላይ እጅ የሌለው ሰው ይመስላሉ። ፓርክዴል ወይዘሮ ፅጌ ጋ እንሂድ፤ ኮል አድርጌላቸዋለሁ።»

እንደምሄድ ባውቅ ኖሮ ሌሊቱን አልተኛም ነበር፤ ስላላወቅሁ በደንብ ተኝቻለሁ። ሱቃቸው ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን ባንገታቸው ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ተሾመ መኪናውን የሚያቆምበት ፍለጋ ሄደ። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ቀጥ ይበሉ» አሉኝ መርፌ ከንፈራቸው ላይ ይዘው። እጅጌውን አጠፉ። «ጽሑፍዎን አውቀዋለሁ።»

«ብዙ ሰው አያውቀውም።»

«እኛ ቤት ሁሉም ያውቀዋል። የአያቴ ፎቶ ሳሎን ነበረ። አባቴ መጽሔቱን አንብቦ ፎቶውን አወረደው። እኔ ያኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ ምስማሩ ለምን እንደ ቀረ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ሰዓት ልንሰቅል ነው እል ነበር።» ሌላ መርፌ ወሰዱ። «አባቴ ጽፎልዎት ነበር። ደርሶዎታል?»

«በዚያን ጊዜ ፖስታው…» አልሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተውሁት።

«አዎ፣ ፖስታው» አሉ። በደረቴ ላይ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «በደረት ኪስዎ ውስጥ ያለው ነገር ልኩን ያዛባብኛል። ያውጡት።»

ካልወጣ አይለኩም። አወጣሁና ፊቱ እንዳይታይ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ፖስታው አርጅቶ ጠርዙ ተበልቷል። የላኪው አድራሻ ግን በስተጀርባ ነው የተጻፈው። ይህን ያሰብሁት ካስቀመጥሁት በኋላ ነው።

ወይዘሮ ፅጌ መነጽራቸውን አደረጉ። የአባታቸውን የእጅ ጽሕፈት ለማወቅ መነጽር የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። አዩት። ሁለተኛውን እጅጌ ለኩ፤ በጠመኔ አሰመሩ፤ ካፖርቱን አወለቁልኝ፤ በስፌት መኪናቸው ሰፉት። ተሾመ ሲመለስ እጅጌው አልቆ ነበር።

«ስንት ነው ወይዘሮ ፅጌ?» አላቸው።

«ለእንግዳ አልቀበልም» አሉና ፖስታውን አንሥተው ሰጡኝ። «ይሄ እንዳይረሳ።»

ቅዳሜ። ንግግሩ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ በዐሥር ሰዓት ተጀመረ። በዚህ ረገድ ቶሮንቶ ከአዲስ አበባ አትለይም። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ዶክተር» ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም። ሦስቱም ሊቃነ መናብርት በየተራ አስተዋወቁኝ፤ በሦስቱ መግቢያ መሠረት በሦስት የተለያዩ አውራጃዎች ተወልጃለሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሦስቱ መንግሥታት ፉክክር ተናገርሁ፤ ስለ ባቡር ሐዲዱ፣ ስለ ዐባይ ውኃ፣ በእያንዳንዱ ሌጋሲዮን አጥር ውስጥ ስለ ነበረው መጠራጠር። ሕዝቡ በደንብ ሰማኝ። የጽሑፌ መጨረሻ ላይ ደረስሁ፤ ማጨብጨብ ጀመሩ። ወይዘሮ ፅጌ በሦስተኛው ረድፍ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል፤ አላጨበጨቡም።

«አልጨረስሁም» አልሁ።

ስለ ክንፉ ተናገርሁ። ስምንት እንደ ደመርሁ፣ ሰባት መደመር እንደ ነበረብኝ፣ ሰውየው ከማንም ቀድሞ እንዳስጠነቀቀ ተናገርሁ። የተደነቁ መስሎኝ ነበር። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ጮኸ።

«አንድ ዓመት ናት እኮ ጋሼ! ሶ ዋት?»

ሰው ሳቀ። ከሳቁ በላይ የተሾመ ድምፅ ተሰማ። ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር።

«ጋሼ! እኔን በዚህ አይደል እንዴ የጣሉኝ? ሁለተኛ ዓመት! ስምንት ደመርክ ብለው!»

«አዎ» አልሁ። «በዚያው ዓመት ነው።»

«ቆይ፣ እያወቁ?»

«ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ነው ፈተናውን ያወጣሁት።»

«ዕፁብ ነው!» አለና ተቀመጠ። ሮማን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አላወቅሁም።

ወይዘሮ ፅጌ ቆሙ።

«የትኛው ደብዳቤ?»

አወጣሁት። «የአባትዎ።»

«የደረሰዎት መቼ ነው? አባቴ በሕይወት እያለ ነው?»

«አዎ። ከማረፋቸው ሦስት ዓመት በፊት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት ይሄድ ነበር» አሉ። «በእግሩ። የእኛ ሳጥን ቁልፍ ጠማማ ስለ ነበረች ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ያንብቡት።»

አነበብሁት። አንድ ገጽ ብቻ ነው። «ወሩን እንደገና ይመልከቱልኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብሁት።

ከዚህ በኋላ የሆነው በቅደም ተከተል ይህ ነው። የቶርንክሊፉ ሊቀ መንበር ይህ ነገር በፕሮግራሙ ላይ እንዳልነበረ ገለጡ። አቶ መላኩ በበኩላቸው ታሪካዊ እርማት ስለ ሆነ በማን ስም እንደሚመዘገብ ጠየቁ። የፓርክዴሉ ሊቀ መንበር አዳራሹን የተከራየው ማኅበራቸው መሆኑን አስታወሱ። የመዝጊያ ንግግር የሚያደርገው ማን እንደ ሆነ ስምምነቱ አልጠቀሰም ነበር፤ ውሎች ዘወትር የሚፈርሱት ባልጠቀሱት ነገር ነው። አንዱ ሰዎቹን ይዞ ወደ አንድ ምግብ ቤት፣ ሌላው ሰዎቹን ይዞ ወደ ሌላ ምግብ ቤት ሄደ፤ ሦስተኛው ሁለቱን ሊያስታርቅ ሕዝቡን አስከትሎ ወጣ። እንግዳው በማን በኩል እንደሚበላ ስላልተወሰነ ማንም አልወሰደኝም።

ወንበሮቹን ማጠፍ ጀመርን። ወይዘሮ ፅጌ አልሄዱም። ከግድግዳው ላይ ማስታወቂያውን ነቅለው፣ ገልብጠው፣ ጠረጴዛ ላይ አነጠፉት።

«ይጻፉት» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የተናገሩትን። ዛሬ የተናገሩት ስልሳ ሰው ፊት ነው፤ ግማሹም ስቋል። ያኔ የጻፉት በአገር ሁሉ ፊት ነው። እዚያ ሲመለሱ ያሳትሙታል።»

«መጽሔቱ የለም፤ ከተዘጋ ቆየ።»

«ሌላ ይፈልጉ።»

«ማን ያነበዋል ወይዘሮ ፅጌ? ስለ አስተርጓሚና ስለ ወር…»

«በጉዞ ታሪክ ውስጥ ያስገቡት» አለች ሮማን ከወንበሮቹ መካከል። «ስለ ውጭ አገርማ ሰው ያነባል።»

ይህ ማስታወሻ የተጻፈበት ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ስለ ቶርንክሊፍና ስለ ሙዙ ለማወቅ ብሎ እስከዚህ ያነበበን አንባቢ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስተርጓሚው ክንፉ የሦስቱን መንግሥታት ነገር በጊዜው፣ ረቂቁ ከመገለጡ ዘጠኝ ወር ቀድሞ፣ ለአገሩ አሳውቋል። ዐውቆ ዝም ያለው ሰው ሌላ ነበር፤ ይህን ጽፌ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ጻፍሁና ፈረምሁ። ወይዘሮ ፅጌ አንብበው፣ «ገልብጠው ‹ዶክተር› የሚለውንም ይሰርዙት» አሉኝ፤ ሰረዝሁት። ተሾመና ሮማን ምስክር ሆነው ፈረሙ። ፖርቹጋላዊው ሽማግሌ ቁልፉን ይዞ ይጠብቅ ነበርና ተሾመ እርሱንም ጠራው፤ አንዲት ቃል ሳይረዳ፣ ስለ ጉዳዩም ሳይጠይቅ፣ በሚያምር ጽሕፈት ፈረመ። ወይዘሮ ፅጌ ወረቀቱን አጣጥፈው ከአባታቸው ደብዳቤ ጋር በቦርሳቸው ከተቱ። ደብዳቤው የእኔ ስለ መሆኑ አልተከራከርሁም። ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከመውጣታችን በፊት ግን የካፖርቴን እጅጌ ይዘው ስፌቱን መረመሩ።

በውል ሰነድ መጨረሻ እንደሚደረገው፣ በስፍራው የቀሩትን እመዘግባለሁ፦ ተሾመ፣ ሮማን፣ ወይዘሮ ፅጌ፣ ቁልፍ ያዡ ሽማግሌና እኔ። «አምስት ነን» አልሁ ጮክ ብዬ።

ወይዘሮ ፅጌ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እያንዳንዳችንን በጣታቸው እየጠቆሙ ደግመው ቆጠሩን።